ባቻታ አማት እስኪኖረው ድረስ፦ ለአንድ ወቀሳ የተሰጠ ምላሽ

በድምፃዊው በሮሜዮ ሳንቶስ «ሱዌግራ» ዘፈን ላይ በአማርኛ የተጻፈ ጠንካራ ወቀሳ አንብቤያለሁ። ላልሰሙት ለማስታወስ፣ «ሱዌግራ» በስፓኝኛ አማት ማለት ሲሆን፣ ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ በቀረበው «ፎርሙላ ቮልዩም 3» አልበም ውስጥ የሚገኝ ባቻታ፣ ማለትም ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የፈለቀ በጊታር የሚታጀብ ሙዚቃ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዘፈኑ ውስጥ አንድ ባል በሚስቱ እናት የተነሣ ኑሮው እንዴት እንደ ጎመዘዘበት እጅግ በተጋነነ ቁጣ ያማርራል፤ ሥራው ለማሳቅ ታስቦ የተሠራ ነው። የወቀሳው ጸሐፊ ግን አልሳቁም። ክሳቸው ባጭሩ ሲቀርብ እንዲህ ይላል፦ ባቻታ የልቅሶ ሙዚቃ ስለሆነ ቀልድ አይስማማውም፤ ዘፈኑ እናትነትን ያዋርዳል፤ ዘፋኙ ኒው ዮርክ ተወልዶ ያደገ በመሆኑ የዶሚኒካን ሪፐብሊክን የቤት ጓዳ አያውቅም፤ ዜማውና ግጥሙ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፤ እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ባህል ተሰምቶ ስለማይታወቅም፣ በውጭ አገር የሚኖሩ ወጣቶቻችን ሲደንሱበት ማየት ያሳፍራል፤ ስለዚህ የጭፈራ ምሽት አዘጋጆች ዘፈኑን ሊያስቀሩት ይገባል። በየተራ እመልሳለሁ፤ ሁሉም ክሶች እኩል ክብደት ስለሌላቸው ግን እኩል ቦታ አልሰጣቸውም።

የመጀመሪያው ክስ ከሁሉም የተሻለ መሠረት ያለው ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባዋል። ባቻታ ከምሬት ጋር የተወለደ ሙዚቃ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ዶሚኒካኖች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ የምሬት ሙዚቃ ይሉት ነበር። አምባገነኑ ራፋኤል ትሩሂዮ ከ1930 ጀምሮ አገሪቱን ሲገዛ፣ የመንግሥት ሙዚቃ እንዲሆን የመረጠው ሜሬንጌ የተባለውን ሌላ የአገሪቱን የጭፈራ ሙዚቃ ነበር። እርሱ በግንቦት 1961 ከተገደለ በኋላ በተከፈተው ቀዳዳ፣ በቀጣዩ ዓመት ሆሴ ማኑኤል ካልዴሮን ዛሬ የመጀመሪያዎቹ የባቻታ ቅጂዎች ተብለው የሚታወቁትን ዘፈኖች ቀረጸ። በዚያው ዘመን ከገጠር ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ የጎረፈው ድሃ ሕዝብ በከተማዋ ዳርቻ ሲሰፍር፣ ይህን በጊታር የሚታጀብ የፍቅር እንጉርጉሮ የራሱ አደረገው። ክህደት፣ መጠጥ፣ ጥላው የሄደች ሴት፣ ልቡ የተሰበረ ወንድ፤ ጸሐፊው የጠቀሷቸው እነዚህ ጉዳዮች በእርግጥ በብዛት ይገኛሉ። ስሕተቱ ያለው፣ በብዛት የሚገኘውን ነገር ብቻውን ያለ አድርጎ ማቅረቡ ላይ ነው።

ባቻታ በ1980ዎቹ የተሸከመው ቀልድ ከልቅሶው የሚያንስ አልነበረም። በዚያ ዘመን እጅግ የገነነው ባለ ሁለት ትርጉም ዘፈን ነበር፤ ላይ ላዩን ሲሰሙት ስለ አትክልት፣ ስለ ወፍ ወይም ስለ ቤት ዕቃ የሚያወራ፣ ውስጡን ሲፈትሹት ግን የመኝታ ቤት ጉዳይ የሚያነሣ ግጥም ማለት ነው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ስልቱን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ወርቁ የብልግና መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ጸሐፊው ይህን ዘመን ሙሉ በሙሉ ዘልለውታል፤ መዝለል ግን አይቻልም፤ ምክንያቱም የዛሬው ባቻታ ድምፅ የመጣው በዚሁ በር ነው። ብላስ ዱራን በ1987 ለሴቶች «ምክር» የሚሰጥ አንድ አሳቂ ዘፈን ሲያወጣ፣ እስከዚያ ድረስ በባቻታ ከነገሠው የእንጨት ጊታር ፈንታ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ መጣ፤ ዘፈኑ አገሩን አጥለቀለቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እንግዲህ ዛሬ በየጭፈራ ቤቱ የምንሰማው ጥርት ያለ የጊታር ድምፅ ወደ ባቻታ የገባው በልቅሶ ሳይሆን በሳቅ ታጅቦ ነው። ቀልዱን እንደ ባዕድ ነገር አውጥቶ ለመጣል የሚነሣ ሰው ጊታሩን አብሮ መጣል ይኖርበታል።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ ቀልደኛ ግጥም በዚያች አገር ከባቻታ በፊት የነበረ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሁዋን አንቶኒዮ አሊክስ ባለ ዐሥር ስንኝ ግጥሞች እየጻፈ ሹማምንቱንና ጎረቤቱን ሁሉ ይሸነቁጥ ነበር፤ ሕዝቡም ይወድደው ነበር። ሳንቶስ ራሱ በ2011 ባወጣው የመጀመሪያ የብቻ አልበሙ ውስጥ አንቶኒ ሳንቶስን (ስማቸው ቢመሳሰልም ሌላ ድምፃዊ ነው)፣ ሉዊስ ቫርጋስንና ራውሊን ሮድሪጌዝን ጋብዞ፣ አራት ድምፃውያን እየተፎካከሩ የሚጎሻሸሙበት ዘፈን ሠርቷል። የ2014ቱን አልበሙን ደግሞ ያስከፈተው በአሜሪካዊው ኮሜዲያን ኬቪን ሃርት ነው። ሰውየው አማቱን ያገኘው በድንገት መንገድ ስቶ አይደለም፤ ቀልድ ከሥራው ጋር ከመጀመሪያው የተጋመደ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያውቁት ወደ አንድ ትልቅ ጉዳይ ተጠግተው ነበር። «የቀድሞዎቹ ድምፃውያን አማት የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም» የሚል ሐሳብ አስፍረዋል። «አያውቅም» የሚለው የተጋነነ ቢሆንም፣ ከስንት አንዴ እንደ ሆነ እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን እርሳቸው ይህን የጨዋነት ምልክት አድርገው ሲያዩት፣ እኔ የማየው የድህነትና የመገለል ምልክት ሆኖ ነው። የዚያ ዘመን ዘፈን የት እንደሚፈጸም ልብ ይሏል። ሰውየው ያለው በመጠጥ ቤት ነው፤ ከፊቱ ጠርሙስ፣ ከጎኑ እንደ እርሱ የከፋው ጓደኛ፣ በጥግ በኩል በሳንቲም የሚዘፍን የሸክላ ማጫወቻ አለ። ሚስት የለችም፣ ሄዳለች፤ ልጅ የለም፣ ጎረቤት የለም፣ ዘመድ አዝማድ የለም። እናት ብትጠቀስ እንኳ ከሩቅ የምትናፈቅ ቅድስት ሆና ነው። አማት እንድትኖር ትዳር መኖር አለበት፤ አማትን እንደ ችግር ለመቍጠር ደግሞ ትዳሩ መቆየት፣ ቤቱ መቆም፣ እሑድ ምሳ መቅረብ፣ ሴትዮዋም በር አንኳኩታ መግባት ይኖርባታል። በገጠር ያለውን ዘመድ ትቶ በሳንቶ ዶሚንጎ ዳርቻ በቆርቆሮ ቤት የሰፈረው የ1960ዎቹ ሰው ይህ ሁሉ አልነበረውም፤ ስለሌለውም አልዘፈነውም።

ሙዚቃውም ራሱ በቤት ውስጥ ተቀባይነት አልነበረውም። ባቻታ ለአሠርት ዓመታት የሠራተኛ ቤት፣ የወታደርና የሴተኛ አዳሪ ቤት ሙዚቃ እየተባለ ይናቅ ነበር፤ ጨዋ ነኝ የሚል ቤተሰብ በሳሎኑ አያስከፍተውም፤ ራዳሜስ አራሴና የተባለው ሰው ያቋቋመውን «ራዲዮ ጓራቺታ»ን የመሰሉ ጥቂት ጣቢያዎች ባይኖሩ ኖሮ አየር ላይ መዋሉም ያጠራጥር ነበር። በ1990 ዶሚኒካናዊው ድምፃዊ ሁዋን ሉዊስ ጌራ በስሙ ባቻታን የያዘ አልበም አውጥቶ፣ አልበሙም የግራሚ ሽልማት ባገኘ ጊዜ በሩ ተገፋ፤ በታኅሣሥ 2019 ዩኔስኮ የዶሚኒካንን የባቻታ ሙዚቃና ውዝዋዜ በማይዳሰሱ የሰው ልጆች ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍረው ደግሞ ከነጭራሹ ተከፈተ። ዛሬ ባቻታ በልደት፣ በሠርግና በክርስትና ድግስ ላይ ይሰማል፤ አያቶች ይደንሱታል። «ሱዌግራ»ን የመሰለ ዘፈን ሊኖር የቻለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ዘፈኑ የሚሰማበት ድግስ ላይ አማትየዋ ራሷ ተቀምጣለችና። መጠጥ ቤት ያለ ሰው ስለ አማቱ ቢቀልድ ማን ይስቃል? የሚያስቀው እርሷም ባለችበት ሲከፈት ነው።

ሁለተኛው ክስ እናትነት ተዋርዷል የሚል ነው። ዘፋኙ እናትን የሚንቅ ሰው ነው ወደሚል ድምዳሜም ጸሐፊውን አድርሷቸዋል፤ ይህ ግን ከሰውየው ሥራ ጋር አይሄድም። ሳንቶስ በአቬንቱራ ቡድን ውስጥ ሳለ በ2002 በወጣው «ዊ ብሮክ ዘ ሩልስ» አልበም ላይ የእናት ፍቅር የሚል ርእስ ያለው ዘፈን አለ፤ ለልጇ ስትል ራሷን አሳልፋ ስለ ሰጠች እናት የሚተርክ፣ ሰምቶ ዝም ለማለት የሚከብድ ሥራ ነው። በቀጣዩ ዓመት በወጣው አልበም ደግሞ ወንድም ባሏ የሚደበድባትን እኅቱን ከዚያ ቤት እንድትወጣ የሚማጸንበት ዘፈን አለ። የአንድን ሰው አመለካከት ከአንድ ቀልድ የሚመዝን ሰው እነዚህንም በሚዛኑ ላይ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል።

ከዚህም በላይ፣ በዘፈኑ ውስጥ የሚናገረው ዘፋኙ ሳይሆን ገጸ ባሕርዩ ነው፤ ያ ገጸ ባሕርይ ደግሞ የሚያኮራ ሰው ሆኖ አልቀረበም። አንዲት አሮጊት ያሸነፈችው፣ ቤቱን ማዘዝ ያቃተው፣ ሚስቱን ፊት ለፊት ለመናገር ስለማይደፍር ንዴቱን በእርግማንና በክፉ ምኞት የሚወጣ ባል ነው። ቁጣው ከጥፋቱ ጋር ባለመመጣጠኑ የምንስቀው በእርሷ ላይ ብቻ ሳይሆን በእርሱም ላይ ነው። ጸሐፊው የተጋነነውን ዛቻ ቃል በቃል ወስደው «ለጥቃት ያነሣሣል» ሲሉ፣ ዘፈኑ አድማጩ እንዲስቅበት ያቀረበውን ንዴት እንደ ምክር እየቆጠሩት ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ክስ ውስጥ አንድ እውነት አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። አማትየዋ መልስ የመስጠት ዕድል አላገኘችም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚናገረው አማቹ ነው፤ የእርሷን ወገን የምንሰማበት አንድ ስንኝ እንኳ ቢኖር ዘፈኑ ይበልጥ ያስቅ ነበር እላለሁ፤ አንደበተ ርቱዕ አማት ከአንደበተ ቢስ አማት ይልቅ ታስቃለችና። ይህ ደግሞ ባቻታ የማይችለው ነገር አልነበረም። ሜሊዳ ሮድሪጌዝ በ1960ዎቹ የወንዶች በነበረው መድረክ ላይ ወጥታ የተበደለችዋን ሴት ወገን አዚማለች፤ ሞንቺና አሌክሳንድራ ወንድና ሴት እየተመላለሱ የሚዘፍኑበትን ባቻታ በመላው ላቲን አሜሪካ አስወድደዋል። ሳንቶስ ከእንዲህ ያለ ቅርስ ቢቀዳ ኖሮ ከማጉረምረም አልፎ ወደ እውነተኛ ሙግት ይደርስ ነበር። ይህ ግን ዘፈኑ ጎደለው የምለው የጥበብ ጉድለት ነው፤ ነውር አልለውም።

ሦስተኛው ክስ፣ ዘፋኙ የኒው ዮርክ ልጅ ነው የሚለው፣ ከቀረቡት ሁሉ ደካማው ነው። አንቶኒ «ሮሜዮ» ሳንቶስ በ1981 በብሮንክስ ከዶሚኒካናዊ አባትና ከፖርቶሪካዊት እናት መወለዱ እውነት ነው። ታዲያ ይህ ከዶሚኒካን ቤት ያርቀዋል ወይስ ያቀርበዋል? ከትሩሂዮ ሞት በኋላ፣ በተለይም ከ1965ቱ የእርስ በርስ ጦርነትና የአሜሪካ ጦር ጣልቃ ገብነት በኋላ፣ ዶሚኒካኖች በገፍ ወደ ኒው ዮርክ ተሰደዱ፤ ዋሽንግተን ሃይትስና ብሮንክስም ሁለተኛ አገራቸው ሆኑ። በጠባብ አፓርታማ ውስጥ ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ ሲውሉ ልጅ የምትይዘው ብዙ ጊዜ አያት ናት፤ ከአገር ቤት ትመጣለች፣ ክፍል ይለቀቅላታል፣ ወጥ ቤቱም በእርሷ እጅ ይገባል። በአንድ ጣሪያ ሥር ከአማቱ ጋር ስለሚኖር ባል ለመዝፈን ከብሮንክስ የተሻለ ስፍራ አላውቅም። ሜሪላንድ ወይም ቶሮንቶ ያሉ አንባቢዎቼ ይህን ኑሮ እኔ ሳላስረዳቸው ያውቁታል፤ ወላጅ ልጅ ለማሳደግ ከአዲስ አበባ የሚመጣበት ቤት በእኛም ዘንድ ሞልቷል።

ቅርስን ያለ ዕውቀት ነክቷል የሚለውንም ሥራው ያስተባብላል። በ1990ዎቹ በብሮንክስ የተመሠረተው አቬንቱራ አርኤንድቢንና ሂፕ ሆፕን ከባቻታ ጋር ሲቀላቅል ሽማግሌዎቹ ማጉረምረማቸው አልቀረም፤ «ኦብሴሲዮን» የተሰኘው ዘፈናቸው ግን በፈረንሳይና በጣሊያን የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ ሲወጣ፣ ከዚያ በፊት ባቻታ የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ አውሮፓዊ ሁሉ አብሮ ይዘፍን ጀመር። ሳንቶስ በሐምሌ 2014 በተወለደበት ብሮንክስ የሚገኘውን ያንኪ ስታዲየም ሁለት ሌሊት ሞልቷል። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ለእኔ ይበልጣል፤ በ2019 «ኡቶፒያ» የተባለውን አልበም ሲሠራ፣ ራውሊን ሮድሪጌዝን፣ ፍራንክ ሬየስን፣ ሉዊስ ቫርጋስን፣ ቴኦዶሮ ሬየስን፣ ጆ ቬራስንና ሌሎች ቀዳሚዎችን በየዘፈኑ አጠገቡ አቁሞ፣ በእነርሱ ስልት ዘፈነ። ቅርሱን የማያውቅ ሰው ሽማግሌዎቹን ፈልጎ በየቤታቸው አይሰበስብም።

አራተኛው ክስ ስለ ሙዚቃው ነው፤ «ዜማው ያለቅሳል፣ ግጥሙ ይሳለቃል፣ ሁለቱ አይገናኙም» ይላሉ። የተሰማቸውን በትክክል ሰምተዋል፤ የተሳሳቱት ይህን ጉድለት ማለታቸው ላይ ነው። የዘፈኑ ዋና ቀልድ ያለው በዚሁ አለመገናኘት ውስጥ ነውና። በባቻታ መሪው ጊታር ቀጫጭን ድምፆችን እየነጠለ ያንጠባጥባል፤ አጃቢው ጊታር ምቱን ይይዛል፤ ባስ፣ ቦንጎና ጉዊራ የሚባለው የብረት መፋቂያ ከሥር ይከተላሉ። ስንኙ ሲዘፈን ምቱ ለስለስ ብሎ ይራመዳል፣ አዝማች ላይ ይጠነክራል፣ ጊታሩ ብቻውን ሲወጣ ደግሞ ለጭፈራ ይፈነዳል። በላዩ ላይ የሳንቶስ ድምፅ አለ፤ ለወንድ ከፍ ያለ፣ ሊሰበር የደረሰ የሚመስል፣ በአብዛኛው ዘፈኑ ለጠፋ ፍቅር የሚማጸንበት ያው ድምፅ። ያንን የሞት የሽረት ልመና ወስዶ በቤት ውስጥ ጣልቃ በምትገባ አማት ላይ ማዋል፣ ለትንሽ ጠብ ትልቅ ሙሾ ማውረድ ነው። ድምፁን አቅልሎ፣ እየሳቀ ቢዘፍነው ኖሮ ዘፈኑ ተራ ቧልት ይሆን ነበር። አድማጩ በዜማው ሐዘን ተይዞ ሳለ ቃሉን ሲሰማ ድንገት ይስቃል፤ ስፓኝኛ የማያውቅ ሰው ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ የፍቅር ዘፈን መስሎት ይደንሳል፤ እንዲህ ሲሆን ያዩ ስፓኝኛ ተናጋሪዎች ምን ያህል እንደሚዝናኑ መገመት አያቅትም።

የቀረው «በእኛ ባህል ተሰምቶ አይታወቅም» የሚለው ነው። ስለ ዶሚኒካን ዘፈን ስንነጋገር የእኛን ባህል መመዘኛ ማድረግ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ጸሐፊው ስላነሡት ግን በአንድ አንቀጽ ልመልስ። በሠርጋችን ቀን የሙሽራው ወገን ከሙሽሪት ቤት ሲደርስ፣ የሴቷ ወገን በር ዘግቶ «አናስገባም ሰርገኛ» እያለ ይዘፍናል፤ ያውም ውጭ እንዲያድር እየፈረደበት። ይህ የሁለት አማቾች ወገን፣ ገና ከመዛመዳቸው፣ በአደባባይ የሚያሳዩት የጠብ ጨዋታ ነው። ማንም በሩ እውነት ተዘግቶ እንደሚቀር አይፈራም፤ ማንም ተሰደብኩ ብሎ ፍርድ ቤት አይሄድም። አዝማሪም እንዲሁ ነው፤ ከፊቱ የተቀመጠውን እንግዳ በስንኝ እየወጋ ያስቃል፤ የተወጋውም እየሳቀ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ከዝምድና ጋር የሚመጣውን ጭንቀት በዘፈን ማቅለል በእኛም ዘንድ ያለ፣ ሽማግሌ ፊት የሚደረግ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል የጭካኔ ልክ ልዩነት አለ ቢሉኝ እቀበላለሁ፤ የሳንቶስ ዘፈን በእርግጥ ይመርራል። «ተሰምቶ አይታወቅም» የሚለውን ግን አልቀበልም።

የጭፈራ ምሽት አዘጋጆች ዘፈኑን እንዲያስቀሩት የቀረበው ጥሪ በዚህ ሁሉ ላይ ቆሞ የቀረበ ነው፤ ምሰሶዎቹ ካልጸኑ ጥሪውም አይጸናም። ነገሩ ሌላም ገጽታ አለው፤ ባቻታ ላይ እንዲህ ያለ ጥሪ ሲቀርብ የመጀመሪያው አይደለም። ብዙዎቹ የሳንቶ ዶሚንጎ ጣቢያዎችና የቴሌቪዥን መርሐ ግብሮች ለረጅም ጊዜ ጨዋነትን ምክንያት አድርገው ሲከለክሉት ኖረዋል፤ ያኔ የተከለከሉት ደግሞ ዛሬ ጸሐፊው ራሳቸው እንደ ንጹሕ ልቅሶ የሚያሞግሷቸው ዘፈኖች ጭምር ናቸው። ዘፈኑ ያልጣመው ሰው እስኪያልቅ ከመድረኩ ወርዶ መጠጡን ይዞ ይቀመጥ፤ አዘጋጁም የሚቀጥለውን የሴት ድምፅ ያለበት ቢያደርገው፣ ከላይ የጠቀስኩት ጉድለት በዚያው ምሽት በከፊል ይካካሳል።